የእማማ ማስተዋል ቅዳሜዎች

ሀዊ አማቷን ትፈራቸው ነበር፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግረዋት አያውቁም።

ወይዘሮ ማስተዋል ከደጀን የመጡት በሰኔ መጨረሻ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት በመንገድ ጥገና ካምፕ ውስጥ መጋዘን ሲጠብቁ፣ ለሹፌሩ ጎማና ዘይት፣ ለቀን ሠራተኛው አካፋና ዶማ ሲያስረክቡ ኖረው ጡረታ ወጡ። ጡረታ በወጡ በዓመቱ ቀኝ ጉልበታቸው አስቸገራቸው። አንድ ልጃቸው ነአምን፣ የሀዊ ባል ማለት ነው፣ "ብቻሽን አትቀመጪም፣ አለቀ ደቀቀ" ብሎ ሄዶ አመጣቸው። ያመጣቸው ግን የካ ሚካኤል አካባቢ ወዳለ ሊፍት የሌለው ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር።

"ይሄ ልጅ ጉልበቴን ሊያሳክመው ነው ወይስ ሊጨርሰው?" አሉ የመጡ ዕለት፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆመው ቁና ቁና እየተነፈሱ። ሀዊ ሳቀች። እሳቸው ግን አልሳቁም። ስለዚህ ሳቋን ዋጥ አደረገችው።

ከዚያ ወዲያ ክረምቱን ሙሉ፣ ለሐኪም ካልሆነ በቀር ከቤት አልወጡም። ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ያለውን ወንበር ይይዛሉ፣ ሲመሽ ይለቁታል። ሲበሉ "ጠገብኩ"፣ ሲጠየቁ "ደህና ነኝ"፣ ሲጋበዙ "አትቸገሩ" ይላሉ። ሌሊቱ ሲነጋ ብርድ ልብሳቸውን አጣጥፈው፣ ትራሱን ከላይ ደርበው፣ አልጋውን ማንም ያልተኛበት ያስመስሉታል። ሀዊ ያንን ባየች ቁጥር ከቤቷ መንገደኛ ያደረ ይመስላታል።

ሀዊ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ካራ ተወልዳ ያደገች፣ ባዮሎጂ የምታስተምር፣ ሃምሳ ተማሪ በአንድ ቁጣ ጸጥ የምታሰኝ ሴት ናት። አንድ ዝምተኛ ባልቴት ግን አቃቷት። ማክሰኞና ሐሙስ የክረምት ማጠናከሪያ አስተምራ ስትመለስ፣ ወጥ እያማሰለች፣ አዳማ ለምትኖረው ታላቅ እህቷ ለጅሬኛ ትደውላለች፤ ስልኩን መደርደሪያው ላይ አቁማ፣ ድምፁን ለቃ፣ በኦሮምኛ የሆዷን ትዘረግፋለች። አማቷ እዚያው ማዕድ ቤት በር ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ቋንቋውን የማይሰማ ሰው ፊት ምን ያስፈራል? ሀዊ ድምጿን እንኳ ዝቅ አታደርግም ነበር።

መስከረም ገብቶ ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ አንድ ዓርብ ማታ፣ ሀዊ መልሱን አስቀድማ እያወቀች ሞከረቻቸው።

"እማማ፣ ነገ ነአምን እስከ አሥር ሰዓት ሥራ ላይ ነው። እኔና እርስዎ ለምን ወጣ አንልም?"

"ጉልበቴ" እስኪሏት ስትጠብቅ፣ ወይዘሮ ማስተዋል ከመስኮቱ ዘወር ብለው አዩዋት።

"በስንት ሰዓት?" አሉ።

ሀዊ ያልጠበቀችው ነገር ስለሆነ ወዴት እንደሚሄዱ አላሰበችም። በምን እንደሚሄዱም አላሰበችም። ቤት ውስጥ ነጭ ኮሮላ ዲኤክስ አለ፤ ነአምን ባንክ ውስጥ አብሮት ከሚሠራ ሰው ላይ የገዛው፣ ዕድሜው ከሀዊ የሚበልጥ መኪና። ሀዊ መንጃ ፈቃድ ያወጣችው ግንቦት ላይ ነው። ነአምን ግን "ትንሽ ትለማመጂና" እያለ እስካሁን ከሕንፃው ግቢ አላስወጣትም። እሱ በባሕሪው ጥንቁቅ ነው፤ ባዶ መንገድ ላይ እንኳ ፍሬቻ ሳያበራ አይታጠፍም። ቅዳሜ ቅዳሜ የባንኩ ሰርቪስ ስለሚወስደው መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ ይውላል።

"በመኪናው እንሂድ?" አለች ሀዊ፣ ራሷም የተናገረችውን እየፈራች።

"ነአምን ያውቃል?"

"አያውቅም።"

ወይዘሮ ማስተዋል ትንሽ አሰቡ። "እኔም የምነግረው ነገር የለኝም" አሉ።

በማግስቱ ደረጃውን በጎን በጎን፣ አንድ በአንድ ወረዱ። መኪናው ውስጥ ሲገቡ ቀበቶውን ሳይነገራቸው አሰሩ፤ የፊት መስተዋቱን አዩ፣ የእጅ ፍሬኑን አዩ፣ ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደፊት ተመለከቱ። ለሀዊ እንደ ፈታኝ ነበር የታዩዋት።

የመጀመሪያው ጉዞ ሾላ ገበያ ድረስ ብቻ ነው። ቅርብ ነው ብላ ነው ሀዊ የመረጠችው፤ ግን ቅዳሜ ጠዋት ሾላን በመኪና የመረጠ ሰው መከራውን መረጠ ማለት ነው። ታክሲዎች ተራ ይዘው በሚጠሩበት ቦታ፣ መሀል መንገድ ላይ፣ ሞተሩ ጠፋባት። አስነሣች፣ ጠፋ። ከኋላ ጥሩምባው አንድ ላይ ተለቀቀ። አንድ ረዳት መጥቶ መስኮቱን እየደበደበ "እናት! እዚህ ጋ ልታድሪ ነው?" አላት።

ወይዘሮ ማስተዋል መስኮታቸውን ቀስ ብለው አወረዱ።

"የኔ ልጅ፣ አንተ የመጀመሪያ ቀን ስትራመድ እናትህ ጥሩምባ ነፋችብህ?"

ረዳቱ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ከዚያ ሳቀና ወደኋላ ዞሮ "ቆይ አንዴ! ትውጣ!" እያለ መኪኖቹን ያዘላት። ሀዊ በሦስተኛው አስነሣችና ወጣች። አማቷ መስኮታቸውን መልሰው ዘጉ።

ገበያው ውስጥ ሌላ ሰው ሆኑ። ጤፍ ነጋዴው "ማኛ ነው እናቴ፣ የጎጃም ማኛ!" ሲላቸው አንድ እፍኝ አንስተው መዳፋቸው ላይ አሹት፣ እፍ አሉት፣ አሸተቱት። "ይሄ ጤፍ ጎጃምን በካርታም አላየው" ብለው መለሱለት። ነጋዴው ተከራከረ፤ እሳቸውም ተከራከሩ፤ ግማሽ ሰዓት ቆይተው ምንም ሳይገዙ ተመራርቀው ተለያዩ። ወደ መኪናው ሲመለሱ ፊታቸው ፈክቶ ነበር። ሀዊ አማቷ ጥርሳቸው ፍንጭት መሆኑን ያወቀችው ያን ቀን ነው፤ ከሰኔ ጀምሮ አብረዋት ሲኖሩ ሲስቁ አይታቸው አታውቅም ማለት ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ በኮተቤ በኩል ወጥተው፣ ቤቱ እየሳሳ እርሻው እየበዛ እስከሚሄድበት ድረስ ነዱ። በሦስተኛው የካ ተራራ ላይ ወዳለው ዋሻ ሚካኤል ሄዱ፤ መኪናውን ጥሩ መንገድ ያለቀበት ትተው፣ በአንድ ከዘራና በሀዊ ክንድ፣ እየተቀመጡ እየተነሡ፣ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለው አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ደረሱ። ወይዘሮ ማስተዋል ግድግዳውን በእጃቸው ዳሰሱት። "ይሄን የፈለፈለ ሰው ስንት መሮ ጨርሶ ይሆን?" አሉ፤ የመጋዘን ሰው ናቸዋ። ሲመለሱ ሀዊ ጉልበታቸውን ጠየቀቻቸው። "ያማል" አሉ። "መስኮት ሥር ሲቀመጥም ያመው ነበር።"

ነአምን ማታ ማታ ይመጣና "ዛሬ እንዴት ዋላችሁ?" ይላል። "ደህና" ይሉታል ሁለቱም በአንድ ድምፅ። እሱ በዚህ አንድነት ደስ ይለዋል፤ ምክንያቱን አይጠይቅም።

አራተኛው ቅዳሜ የእንጦጦ ነበር።

በሽሮ ሜዳ በኩል ሽቅብ ሲወጡ መኪናው አቃሰተ። ሀዊ በሁለተኛ ማርሽ፣ መሪውን በሁለት እጇ አንቃ፣ እንጨት ከጫነ አይሱዙ ኋላ ተሰልፋ ወጣች። ባሕር ዛፉ መንገዱን ከግራና ቀኝ ሲያለብሰው አየሩ ቀዘቀዘ። እንጦጦ ማርያም ደርሰው ወይዘሮ ማስተዋል በሩን ተሳልመው ሲወጡ፣ ሀዊ ከተማው ወለል ብሎ ወደሚታይበት አፋፍ ወሰደቻቸው።

ወይዘሮ ማስተዋል ለረጅም ጊዜ ቆሙ።

"ይቺ ናት አዲስ አበባ? ሁለመናዋ?"

"ሁለመናዋ።"

"እኔ ደግሞ ታች ሆኜ ሳያት መጨረሻ የሌላት መስላኝ ፈርቻት ነበር። አላት እኮ፤ ያው ዳርዳሯ ተራራ ነው።" ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ከፈቱ። "ቤታችን የቱ ጋ ነው?"

"ቤታችሁ" ነበር እስከ ዛሬ የሚሉት። ሀዊ ምንም እንዳልሰማች ሆና በጣቷ አሳየቻቸው፦ "ያ የሚካኤል ጉልላት ይታይዎታል? ከእሱ በላይ፣ ከቢጫው ሕንፃ ጀርባ።" አልታያቸውም፤ ግን "አዎ፣ አዎ" አሏት።

ሣር ላይ ነጠላ አንጥፈው ሀዊ ቀቅላ ያመጣችውን ድንች በሚጥሚጣ በሉ። ከበሉ በኋላ ትንሽ ዞር ሲሉ በዛፎቹ መሀል የሰሜኑ ወገን፣ የሱሉልታ ሜዳ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ ተዘርግቶ ታየ። ወይዘሮ ማስተዋል በከዘራቸው እየጠቆሙ ቆጠሩ፦ "ጫንጮ፣ ፍቼ፣ ገብረ ጉራቻ፣ ጎሃ ጽዮን፣ ዓባይ፣ ደጀን።" ከዘራው እዚያው ቀረ።

"ናፈቀዎት፣ እማማ?"

"ናፍቆኛል እንጂ። ግን ደጀን እኮ የትም አይሄድም" አሉና ከዘራቸውን አወረዱ። "ነይ፣ ነፋሱ በረታ፤ ነአምን ሳይገባ እንግባ።"

ሲወርዱ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ሀዊ ሽቅብ መንዳቱን ስለተወጣችው ቁልቁለቱ የቀለላት መሰላት። ማርሹን ሦስተኛ ላይ አድርጋ፣ ፍሬኑን ረግጣ ይዛ፣ ኩርባውን ሁሉ በፍሬን ትወርድ ጀመር። ከሦስት ኩርባ በኋላ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ መጣ። ከአንድ ኩርባ በኋላ ደግሞ ፍሬኑ ከእግሯ ሥር ለሰለሰ። ረገጠችው፤ ወለሉ ድረስ ገባ። መኪናው አልያዘም።

ፊት ለፊት ቁልቁለቱ ይታያል፤ ከታች ደግሞ የሰው ብዛት። የሀዊ አእምሮ የተማረውን ሁሉ ጣለው። አማርኛውም አብሮ ጠፋ።

"ያ ዋቅ!" ብላ ጮኸች። "ፍሬኒ ና ዲዴ!" ፍሬኑ እምቢ አለኝ ማለቷ ነበር፤ ለእግዜር።

መልሱ ግን ከጎኗ መጣ።

"ኢንሶዳቲን" አለ አንድ የረጋ ድምፅ። አትፍሪ። "ሱታ፣ ሱታ፣ ቀስ በይ። እግርሽን አንሺው ከፍሬኑ። ፍሪሲዮን ርገጪ፤ ሁለተኛ አስገቢ።"

ሀዊ ያለምንም ጥያቄ የታዘዘችውን አደረገች። ሞተሩ አገሳ፣ መኪናው ወደኋላ የሚጎትተው ሰው ያለ ይመስል ጎተት አለ።

"ጎበዝ። አሁን ፍሬኑን ርገጪ፣ ልቀቂ። ርገጪ፣ ልቀቂ። አትያዢው! ውኃ እንደሚስብ ሰው፣ በላይ በላዩ። መሪሽን በቀኝ። አንደኛ አስገቢ አሁን፣ ቀስ ብለሽ።"

በአንደኛ ማርሽ፣ እንደ ጋሪ እየተንፏቀቀ፣ መኪናው አንዱን ኩርባ ዞረ። ወይዘሮ ማስተዋል የእጅ ፍሬኑን በራሳቸው እጅ ይዘው ትንሽ በትንሽ ይስቡት ነበር። ከኩርባው በኋላ መንገዱ ሰፋ ብሎ አፈር የተቆለለበት ዳር አገኙ። "እዚያ አፈሩ ላይ ውጪ፤ ይይዝሻል" አሉ። ያዛት። መኪናው አፍንጫውን አፈሩ ውስጥ ሰክቶ ቆመ።

ሀዊ መሪውን አልለቀቀችም። ወይዘሮ ማስተዋል ጣቶቿን አንድ በአንድ አስለቀቋትና ቁልፉን አጠፉ።

ከላይ ሲወርድ የነበረ አይሱዙ ከፊታቸው ቆመና ጠና ያለ ሹፌር ጀሪካን ይዞ ወረደ። ገመቺስ እባላለሁ አለ። ከጎማው የሚወጣውን ጭስ አይቶ "ጎማውን ውኃ ላፍስበት፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል" ሲል ወይዘሮ ማስተዋል በከዘራቸው መንገዱን ዘጉበት።

"እንዳታደርገው! እንዲህ ግሎ እያለ ውኃ ካገኘው ብረቱ ይሰነጠቃል። አየር ያብርደው፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።"

ገመቺስ ጀሪካኑን አስቀመጠ። "እማማ፣ ሹፌር ነበሩ እንዴ?"

"ሹፌር እንኳ አልነበርኩም። ግን ዓባይ በረሃ ወራጅ ሹፌር ሁሉ የሚተኛው እኛ ካምፕ ነበር። ፍሬን ስለበላው ሰው ማታ ማታ ሲያወሩ ሃያ ስምንት ዓመት ሰማሁ። አንዱም አልተረሳኝም።"

ገመቺስ ሳቀ፤ ውኃውን ለመጠጥ አድርጎ ሰጣቸውና ሄደ።

ሁለቱ ሴቶች መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሀዊ ውኃውን ጠጣች፣ ተነፈሰች፣ እንደገና ጠጣች። ከዚያ ጀሪካኑን ከአፏ አወረደችው፤ "ኢንሶዳቲን" ያላት ማን እንደሆነ ገና አሁን ነው የገባት።

"እማማ" አለች ቀስ ብላ። "ኦሮምኛ ይችላሉ?"

ወይዘሮ ማስተዋል ወደ ሌላ አዩ። "ከደጀን ማዶ ጎሃ ጽዮን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ገበያው ገበያዬ ነው። እዚያ ቅቤ በምን ቋንቋ ስከራከር ኖርኩ መሰለሽ?"

"ሁሉንም ይሰማሉ?"

"አንዳንድ ቃል ያመልጠኛል።"

ሀዊ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሐምሌና ነሐሴ፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ሁሉም መጣባት። ለጅሬኛ ያለችው ሁሉ።

"ማንኮራፋቴ ግድግዳ ያልፋል ብለሻል" አሉ ወይዘሮ ማስተዋል፣ እንደ ንብረት ዝርዝር እየቆጠሩ። "እውነት ነው፣ አባቱም ይል ነበር። ወጥሽ ላይ ተደብቄ ጨው እጨምራለሁ ብለሻል። እሱም እውነት ነው፤ ጨው አታውቂም። ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው ነው የምትቀመጠው ብለሻል..."

"ይቅርታ፣ እማማ! በእግዚአብሔር..."

"ቆይ፣ አልጨረስኩም። ፊቷ እንደ ተዘጋ ኪዮስክ ነው ብለሻል። ያቺን ስሰማ ሳቄን ልደብቅ ስል ምስሩን ደፋሁት፤ ትዝ ይልሻል?"

ትዝ አላት። ምስሩን አብራቸው ለቅማ ነበር። ሀዊ ከእጆቿ መሀል እያየቻቸው "ለምን አልነገሩኝም?" አለች።

"መጀመሪያ አፈርኩ። ሰው የሆዱን እያወራ፣ አቋርጠሽ 'እሰማለሁ' ትያለሽ? በኋላ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ጣመኝ። ማክሰኞና ሐሙስ እስኪደርስ እንደ ሬዲዮ ድራማ ነበር የምጠብቀው። እህትሽ ደግሞ እንዴት ያለች ጨዋታ አዋቂ ናት!"

ሀዊ ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጣ። ወይዘሮ ማስተዋል ግን ሳቃቸውን አቆሙ። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ።

"ዘመን መለወጫ ሰሞን ደግሞ አንድ ነገር አልሽ። 'እናቴን በልጅነቴ አጣሁ። እኚህ ሲመጡ እናት ልትገባልኝ ነው ብዬ ተደሰትኩ። ግን እቤቴ እንግዳ ሆነው ያረጃሉ፤ በየት በኩል እንደምደርስባቸው አላወቅኩም' ብለሽ አለቀስሽ። ሽንኩርቱ ነው አልሻት ለእህትሽ።" ቀና ብለው አዩዋት። "እኔ እኮ እንዳልከብዳችሁ ብዬ ነው ዝም የምለው። አዲስ ባልና ሚስት ቤት፣ አሮጊት ገብታ አፏን ከከፈተች... ዝምታዬ ስጦታ መስሎኝ ነበር። ያን ቀን አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ ይቺ ልጅ አንድ ነገር ብትጠይቀኝ እሺ እላታለሁ አልኩ። በሳምንቱ 'ወጣ አንልም ወይ' አልሽኝ።"

ሀዊ ጭንቅላቷን አማቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች። መኪናው እስኪበርድ እንደዚያው ሆነው፣ የሚወርዱትንና የሚወጡትን ሰዎች እያዩ ቆዩ። ከዚያ በአንደኛ ማርሽ፣ በእግረኛ ፍጥነት፣ ታክሲው ሁሉ እያለፋቸው፣ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ እያወሩ የካ ድረስ ገቡ።

ነአምን ግን ቀድሟቸው ነበር። ግቢው መሀል፣ መኪናው መቆሚያ ባዶ ቦታ ላይ፣ እንደተሰረቀበት ሰው ሆኖ ቆሟል። ሀዊ ከሹፌሩ በር ስትወርድ አያት፤ እናቱ ከጎን ሲወርዱ አያቸው፤ ከዚያ ሽታው መጣለት።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ፍሬን ነው" አሉ እናቱ። "እንጦጦ ላይ እምቢ አለን። ይህቺ ሚስትህ ባትኖር አልቆልን ነበር፤ እንዲህ ያለ ልብ ያለው ሹፌር ከስንት አንዱ ነው።"

ሀዊ "እሳቸው ናቸው እንጂ" ልትል ስትል በከዘራው ጫፍ እግሯን ነካ አደረጓት።

ነአምን ገረጣ፣ ቀላ፣ ስለ መንጃ ፈቃድና ስለ ልምምድ ንግግር ጀመረ። እናቱ እስኪጨርስ ጠበቁትና "ስማ ልጄ፣ ይሄ መኪና ፍሬን ስትይዝ ይጮህ ነበር ወይስ አይጮህም?" አሉት።

ነአምን ጎንበስ ብሎ ጎማውን አየ።

"ይጮህ ነበር?"

"ትንሽ... ወደ ሁለት ወር ይሆነዋል። ሬዲዮውን ከፍ ሳደርገው አይሰማም።"

ያን ጊዜ ሦስቱም ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀችው ሀዊ ናት። ሰኞ ዕለት መካኒኩ ጎማውን ፈትቶ የፍሬኑን ሸራ ሲያወጣው እንደ ብስኩት ሳስቶ ነበር። ነአምን ይዞት መጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠውና "አጠፋሁ" አለ፤ ከዚያ ስለ ልምምድ አንስቶ አያውቅም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፈቃድ ጠይቆ ከሥራ ቀረ። አዲስ ፍሬን፣ መሪው ላይ ሀዊ፣ ከጎኗ ወይዘሮ ማስተዋል፣ እሱ ከኋላ ሆነው ሀዊን ወዳሳደጓት አጎቷ፣ ወደ አቶ በዳዳ ቤት ወደ ካራ ሄዱ። አቶ በዳዳ ድሮ ገበሬ ነበሩ፤ ዛሬ እርሻቸው ላይ ሰፈር ተሠርቶበት ሚስማርና ሲሚንቶ ይሸጣሉ። ከቤታቸው ጀርባ ግን አንዲት ቁራጭ መሬት አላቸው፤ ባቄላ ዘርተውባታል፣ እሸቱም ደርሷል። እንግዳዋን አክብረው በአማርኛ "እንደምን አደሩ?" ሲሏቸው፣ ወይዘሮ ማስተዋል በጎሃ ጽዮን ገበያ ኦሮምኛ "ነጋ ቡልታኒ?" ብለው መለሱላቸው። አቶ በዳዳ ቆባቸውን አውልቀው እንደገና ሰላም አሏቸው። ከዚያ በኋላ ነአምን አንድ ነገር የገባው የለም። እንክብካቤው፣ ሳቁ፣ የእሱ ስም መሀል መሀል መጠራቱ... "ምን አሉሽ?" ይላታል ሀዊን። "ስለ ባቄላው ነው" ትለዋለች።

እሸቱን ቀጥፈው፣ በመኪናው ኮፈን ላይ ቆልለው እየፈለፈሉ ሲበሉ፣ ወይዘሮ ማስተዋል ገና አስፋልት ያልለበሰውን ሰፊ የቀይ አፈር መንገድ ሲያዩ ቆዩ። አንድ መኪና፣ አንድ ሰው የለበትም።

"ሀዊ" አሉ።

"አቤት፣ እማማ።"

"ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ለሹፌር ጎማ ሳስረክብ ኖርኩ። መሪ ግን አንድም ቀን ይዤ አላውቅም።"

ነአምን "እማዬ፣ የለም!" እያለ ሲነሣ ሀዊ የሹፌሩን በር ከፍታላቸው ነበር። ወንበሩን ወደፊት ሳበችላቸው፤ ከጀርባቸው ትራስ አድርጋ ከጎናቸው ገባች። ነአምንም ላለመቅረት ከኋላ ዘሎ ገባ። ወይዘሮ ማስተዋል ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ መስተዋቱን አዩ፣ ሀዊን ምንም ሳይጠይቁ ፍሪሲዮን ረገጡና አንደኛ አስገቡ። መኪናው እንደ በግ ግልገል ሁለቴ ዘለለ፣ የቀረውን እሸት ከኮፈኑ ላይ በተነና ጠፋ።

"የሚያመኝ ቀኝ ጉልበቴ ነው እንጂ ግራው ይታዘዘኛል፤ ዝም በሉ" አሉ ማንም ሳይናገር።

በሁለተኛው ተነሣ። ቀስ አለ፣ ተንገጫገጨ፣ ከዚያ ለቀቀውና ቀዩን መንገድ ይዞ ሄደ። አቶ በዳዳ ከኋላ ሆነው እያጨበጨቡ ሮጡ፤ ዶሮዎች ተበተኑ። ነአምን የፊቱን ወንበር በሁለት እጁ አቅፎ "በቃ! በቃ እማዬ፣ እዚህ ይበቃል!" ይላል። ሀዊ በሳቅ ተጣጥፋ መናገር አልቻለችም።

"ወዴት ነሽ እማዬ?" አለ ነአምን በመጨረሻ።

"እስቲ የት እንደሚያደርስ ልየው" አሉ ወይዘሮ ማስተዋል፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ፤ ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርገው፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው ነዱ።